የባጃጁ ቁልፍ የት ነው የሚያድረው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሰፈራችን ኮብልስቶን የተነጠፈበት የውስጥ መንገድ ነው፤ ትንሽ ቁልቁለት አለው። የጎረቤታችን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አባታቸው ደጅ ያቆመውን ባጃጅ አስነስተው ሰፈሩን ይዞራሉ። ትልቁ ቢበዛ 13 ዓመቱ ነው። ከኋላ አራት አምስት ሕፃን ይጭናሉ። ከእኛ በላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሦስት እግር ገዝቷል፤ የ11 ዓመት ልጁ ጤፍ ጭና ወፍጮ ቤት ድረስ ትነዳዋለች። አባቶቹን ስናነጋግር ‹አስፋልት አይወጡም፣ ቀስ ብለው ነው፣ ምን ችግር አለው?› ይሉናል። እኔ የ4 ዓመት ልጅ አለኝ፤ የሚጫወተው ደጅ ነው። ለፖሊስ እንዳላመለክት ጉርብትናው አሳሰበኝ። ጭራሽ አሁን ባለቤቴም የ14 ዓመት ልጃችንን ‹አብሬው ሆኜ ላስተምረው› ማለት ጀምሯል። ሕጉ ምን ይላል? ምንስ ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ «ቀስ ብለው ነው» ከሚለው እንነሳ፤ አባቶች ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነውና። ባጃጅ በውስጥ መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ማንም ፈጠነ አይለውም። ይህ ፍጥነት ግን በአንድ ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ማለት ነው። ሕፃን ኳስ ተከትሎ ከግንብ ጀርባ ቱር ብሎ ሲወጣ፣ ነጂው አይቶ፣ ነገሩ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ያልፋል። ያውም ልምድ ላለው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ባጃጁ ስምንት ሜትር ሄዷል፤ ፍሬኑ ገና አልተነካም። ከተረገጠ በኋላም ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ ሌላ አምስት ሜትር ሊወስድ ይችላል። ድምሩ 13 ሜትር ነው። ከእርስዎ በር እስከ ጎረቤት በር ስንት ሜትር ነው? በእርምጃ ይለኩት።

ክብደቱም ይረሳል። ሸራ ለብሶ ሲታይ ቀላል ነገር ስለሚመስል ነው እንጂ ባጃጅ ባዶውን ከሦስት ኩንታል በላይ ይመዝናል። አምስት ልጅ ሲጨመርበት ወደ አምስት ኩንታል ይጠጋል። የአራት ዓመት ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጅ ቢያገኘው የሚያገኘው እንደ አዋቂ እግሩ ላይ አይደለም፤ ደረቱና ጭንቅላቱ ላይ ነው።

አሁን የ13 ዓመቱን ልጅ መሪው ላይ እንየው። ፍሬኑ ለእግሩ ሩቅ ስለሆነ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በኃይል ሊረግጥ ሲል ከወንበሩ ይንሸራተታል። እንዳይወድቅ እጀታውን ጨብጦ ወደ ራሱ ይስባል። የባጃጅ ነዳጅ መስጫ ደግሞ የቀኙ እጀታ ነው፤ ወደ ራስ ሲጠመዘዝ ነው የሚሰጠው። ልጁ እንግዲህ በድንጋጤ ፍሬን እየረገጠ ነዳጅም እየሰጠ ነው ማለት ነው። ይህን በሥልጠና ሜዳ አዋቂ ጀማሪዎችም ያደርጉታል። አዋቂው ግን እግሩ በደንብ ስለሚደርስ ፍሬኑ ያሸንፋል።

«ሦስት እግር አለው፣ ከሞተር ሳይክል ይሻላል» ሲባልም እሰማለሁ። ቆሞ ሲታይ እውነት ነው። መታጠፊያ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ባጃጁም አብሮ። ሞተረኛ ሲታጠፍ ሰውነቱን ያዘነብላል፤ ባጃጅ ማዘንበል አይችልም። ፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው። እየታጠፉ ፍሬን ሲይዙ ክብደቱ ወደዚያ ጠባብ ጫፍ ይሄድና በውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ኋላ የተጫኑት ልጆች «ሆ!» ብለው ወደ አንድ ጎን ከተደፉ አለቀ። በር የለው፣ ቀበቶ የለው፤ ልጆቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፣ ብረቱ ይከተላቸዋል። ለዚህ ብዙ ፍጥነት አያስፈልግም። አጭር መታጠፊያና ድንጋጤ ይበቃሉ።

ቁልቁለቱንም ስለጠቀሱ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሹፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ ይለቃል። ቤንዚን በሃይላንድ እየተሸጠ በዚያ ዋጋ ሲገዙት ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል፤ ትክክል ግን አይደለም። ፎሌ ላይ ሞተሩ አይዝም። ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ደግሞ ውሃ ሲነካው ወይም ሲግል አቅሙ ይቀንሳል። ልጅ የሚማረው የሚያየውን ነው። አባቱ ቁልቁለቱን በፎሌ ሲወርድ ያየ ልጅ እሱም በፎሌ ይወርደዋል።

የኤሌክትሪኩ ባለሦስት እግር የባሰ ያሳስበኛል። ተራው ባጃጅ ቢያንስ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) አለቃቀቅ የማያውቀውን ልጅ ሞተሩ እየጠፋበት ያስቸግረዋል። የኤሌክትሪኩ ግን ፍሪሲዮን የለውም፣ የሚቀየር ማርሽ የለውም። ቁልፉ ይዞራል፣ እጀታው ይጠመዘዛል፣ ይሄዳል። ገና ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱ ብዙ ነው። ወደፊትና ወደኋላ የሚለየው አንድ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ድምፅም የለውም ማለት ይቻላል፤ ጀርባውን ሰጥቶ አፈር የሚጫወት ሕፃን ሲመጣ አይሰማውም። አባትየው ቀላል ነው ብሎ የሚያምነው ነገር ራሱ ነው አደገኛው። በነገራችን ላይ ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጎልፍ ካርት በሚሏት የኤሌክትሪክ ጋሪ ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩ ልጆች ጎረቤት ያጨቃጭቃሉ። የፍሎሪዳ ግዛት የ14 ዓመት ልጅ እንዲነዳት ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉን ቀየረው፤ አሁን ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቢያንስ 15 ዓመት ሞልቶት የልምምድ ፈቃድ፣ ወይም 16 ሞልቶት መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። ያቺ ጋሪ ደግሞ አምስት ልጅ ጭና ኮብልስቶን ቁልቁለት አትወርድም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። «አስፋልት አይወጡም» የሚለው መከላከያ አይሆንም። መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ለአስፋልት ብቻ አይደለም። ማንም እግረኛና ተሽከርካሪ የሚያልፍበት የሰፈር መንገድም መንገድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው መንጃ ፈቃድ አያወጣም፤ ለባለሦስት እግርም ቢሆን። አባት ስለፈቀደ የሚለወጥ ነገር የለም።

ከዚህ ይልቅ አባቶቹ ያልሰሙት የሚመስለኝ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ነው። አንቀጽ 2081 እንደሚለው ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለንብረቱ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። መንገድ ላይ ይሁን ግቢ ውስጥ ብሎ አይለይም። ማምለጫው ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው። መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ የገዛ ልጅ አንስቶ ሲወጣ «ተሰረቅኩ» ማለት ዳኛ ፊት እንዴት እንደሚሰማ ያስቡት። ቢሳካለት እንኳ አንቀጽ 2124 ይጠብቀዋል፤ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት ኃላፊ ነው። ሁለቱም በሮች የሚወስዱት ወደ አንድ ኪስ ነው።

«ልጅ ስለሆነ አይከሰስም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ግን ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ እንደ አዋቂ ባይቀጣም ለወጣት አጥፊዎች የተደነገጉ እርምጃዎች ይወሰኑበታል። ከ15 ካለፈ ደግሞ መደበኛው ቅጣት ሊመጣ ይችላል፤ ዕድሜው ማቅለያ ይሆነው ይሆናል እንጂ ነፃ አያወጣውም። ቁልፍ የሰጠው ትልቅ ሰውም በቸልተኝነት ሊጠየቅ ይችላል። የሰው ሕይወት ካለፈ ጉዳዩ አንቀጽ 543 ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ገብቶ ደም ማድረቁ፣ ካሳ መካሱ ትልቅ ነገር ነው፤ የሁለት ቤተሰብ ቂም ያስቀራል። የዐቃቤ ሕግን ክስ ግን አያስቀርም። ቅጣት ሲወሰን ቢታይለት ነው።

ኢንሹራንሱስ? የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ለተጎጂ የሚከፈለው ግን ጣሪያ አለው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ የመድን ውሎች በአብዛኛው ኩባንያው የከፈለውን ከባለንብረቱ እንዲያስመልስ መብት ይሰጡታል። የራሱ የባጃጁ ጥገና በውሉ አይሸፈንም። ባለንብረቱ ውሉን አውጥቶ ያንብበው፤ ከሊብሬው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው የሚኖረው።

አንድ ክርክር ቀርቷል፤ በተለይ ከትላልቅ ሰዎች የሚመጣ። «እኛ በ10 ዓመታችን ፈረስ ጋልበናል፣ ከብት ነድተናል፣ ምን ሆንን?» ይላሉ። አዊ ሄደው ካዩ ይህ ባዶ ጉራ አይደለም፤ ልጅ ፈረስ ላይ የሚወጣው በጠዋቱ ነው። ነገር ግን ፈረስ ዓይን አለው። ፊቱ ሕፃን ቢቆም ጋላቢው ባያየው እንኳ እሱ ያየዋል፣ ይሸሻል፣ ይቆማል። ባጃጅ ላይ ያለው ዓይን የነጂው ብቻ ነው። የልጅ ዓይንና አእምሮ ደግሞ የሚመጣን ነገር ፍጥነትና ርቀት በትክክል ለመገመት ገና ነው። ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው ሲያጨበጭቡለት የቀረችው ጥንቃቄም ትሄዳለች።

የባለቤትዎን ሐሳብ በአጭሩ ልመልሰው፦ አይሆንም። ባጃጅ ላይ አብሮ ሆኖ ማስተማር የሚባል ነገር የለም። ፍሪሲዮኑም፣ ማርሹም፣ ነዳጁም፣ ፍሬኑም ያለው አንድ ሰው እጅና እግር ሥር ነው። አባት ከኋላ ቢቀመጥ ፍሬኑ ጋ አይደርስም። ፊት ወንበር ላይ ተጋፍተው ቢቀመጡ ልጁ ሲደነግጥ መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የመኪና ማሠልጠኛዎች ከአሠልጣኙ እግር ሥር ተጨማሪ ፍሬን የሚያስገጥሙት ለዚሁ ነው። ልጁ ሙያውን ከወደደው ሞተሩ ጠፍቶ ጎማ መፍታት፣ ዘይት መለካት፣ የሞተር ሻማ ማጽዳት ይማር። 18 ሲሞላው ማሠልጠኛ ይገባል። እስከዚያ ብስክሌት አለ። ብስክሌት መንገድ ማንበብ ያስተምራል፤ ቢወድቅም በአብዛኛው የሚላጠው የራሱ ጉልበት ነው።

አሁን ምን ያድርጉ ለሚለው፣ መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደጀመረ ማወቅ ይጠቅማል። ልጁ አንድ ቀን ተነስቶ ባጃጅ አልሰረቀም። አባቱ ሲያጥብ «እስኪ ትንሽ ጠጋ አድርገው» ብሎታል። ሌላ ቀን «ወደ ግቢ አስገባው» ብሎታል። ልጁ ሲያስገባው ደግሞ ሰው እያየ «ጎበዝ!» ብሎታል። ልጅቷም እንደዚያው ናት፤ እናት እጅ አጥሯት ወፍጮ ቤት ልካታለች። ስለዚህ ልጆቹን መቆጣት ጥቅም የለውም። ዛሬ ቢፈሩ ነገ እርስዎ ገበያ ሲወጡ ይመለሳሉ። ጉዳዩ ያለው ቁልፉ ጋ ነው፤ ቁልፉም የአባቶቹ ነው።

የባጃጁን ባለቤት ብቻውን ያነጋግሩት፤ ልጆቹ በሌሉበት፣ ሌላ ጎረቤት በማይሰማበት። ባለቤትዎ ወይም እሱ የሚያከብራቸው አንድ ትልቅ ሰው ቢያናግሩት ደግሞ የተሻለ ነው። ባለቤትዎ የራሳቸውን ሐሳብ ትተው መሄድ አለባቸው፤ አለበለዚያ ጨዋታው ፈረሰ። «ልጅህ ባለጌ ነው» ብሎ መጀመር አይሠራም። «ጋሼ፣ ይህ ባጃጅ እንጀራህ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ታርጋው በስምህ ነው፤ ባጃጁም ይያዛል፣ ካሳውም ባንተ ይመጣል። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉን ኪስህ ውስጥ አድርገው» ይበሉት። ምክር ሳይሆን አንድ ተግባር ይጠይቁት። ቁልፉ መስኮት ላይ፣ ሚስማር ላይ፣ ባጃጁ ላይ አይደር። ያረጀ ባጃጅ በሌላ ቁልፍም ሊነሳ ስለሚችል የፊት ጎማው በሰንሰለት ቢታሰር ወይም የባትሪው አንዱ ገመድ ቢፈታ ጥሩ ነው። ለኤሌክትሪኩ ባለቤትም ያው ነው፤ ብዙዎቹ ከወንበር ሥር ዋና ማቋረጫ አላቸው። እሱን ማጥፋትና ወንበሩን መቆለፍ ይበቃል። ቤቱ የሚፈተነው ግን እህል ማስፈጨት ላይ ነው፤ ማን ይሂድ የሚለውን አብራችሁ ካልፈታችሁ ልጅቷ ተመልሳ ትወጣለች። ጎረቤት ተራ ገብቶ አንድ ቀን ለሁለት ቤት ቢያስፈጭ ነውር የለውም።

ከንግግሩ በኋላ አንድ ሳምንት ይጠብቁ። ካልተለወጠ በዕድሩ በኩል ይሂዱ። ስም ሳይጠራ «ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሰፈሩ ተሽከርካሪ አይነዳም» የሚል ስምምነት ሁሉም ፊት ሲያዝ ማንም ለብቻው የተነካ አይመስለውም። ባጃጁ በማኅበር የሚሠራ ከሆነ የማኅበሩ ሰዎች ጋ አንድ ቃል ማድረስም ይሠራል፤ የአባላቸው ተሽከርካሪ እንዲያዝ አይፈልጉም።

የማላምንባቸው መፍትሔዎች አሉ። ሰፈርተኛው ተነስቶ ድንጋይና ሲሚንቶ መንገድ ላይ ቢከምር ለልጆቹ መዝለያ ይሆናቸዋል፤ ማታ ደግሞ ነፍሰ ጡር የጫነ ባጃጅ ያጋጫል። «ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ይንዱ» የሚል መካከለኛ ስምምነትም አይግቡ፤ የእርስዎ ልጅ ደጅ የሚጫወተው በዚያው ሰዓት ነው። ልጆቹን በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ደግሞ የልጅ ፊት አደባባይ ማውጣት ነው፤ ጉርብትናውም በዚያው ያበቃል። ከሁሉ በላይ የሚሄድ ባጃጅ ፊት ቆመው ለማስቆም አይሞክሩ። እርስዎን ያየ ልጅ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ልጅ እጀታውን ምን እንደሚያደርገው ከላይ ተናግሬያለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቆም ይጠብቁ። እስከዚያው የራስዎ በር ይዘጋ፤ ትንሹ ግቢ ውስጥ ይጫወት። ፍትሐዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የጎረቤት ልብ እስኪመለስ ልጅዎን መንገድ ላይ አያስጠብቁት።

ከዕድሩ በኋላም ከቀጠለ ለትራፊክ ፖሊስ ያመልክቱ፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ጉርብትና ሕፃን ከተገጨ በኋላ አይተርፍም፤ ከማመልከቻ በኋላ ግን ሊጠገን ይችላል። ፖሊስ በየቅያሱ እንደማይቆም ይወቁ። ስለዚህ «ልጆች ይነዳሉ» ከማለት ይልቅ የታርጋ ቁጥሩን፣ የሚነዱበትን ሰዓትና ቦታውን ጽፈው ይስጡ፤ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት መልስ ከሆነ እሱን ይንገሯቸው። ብቻዎን ከሚሄዱ ሦስት አራት እናቶች አብረው ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ለባለንብረቱ «ነገ ልናመለክት ነው» ብለው ይንገሩት፤ ከኋላ ወጉኝ እንዳይል። ምናልባትም ያን ዕለት ማታ ቁልፉ ኪሱ ይገባል።